እውነት ወይስ ተረት? የማይቆመው ሳተላይት

የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቢስቲማ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተተከሉ ዲሾችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደማይዞሩ ይገነዘባል። ናይልሳትን የሚቀበለው ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ሲግናሉ የሚመጣለት ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ኢትዮሳትን የሚቀበለው ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ከ65 ዲግሪ በላይ ወደ ሰማዩ አናት ይመለከታል። ዲሽ ተካዩ አንዴ ሲግናሉን ካገኘና ብሎኑን ካጠበቀ በኋላ፣ ነፋስ ካላነቃነቀው በቀር ለዓመታት የሚነካው የለም። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፤ ስለ ጠፈር ከሚነገሩት ተረቶች የመጀመሪያውም እሱ ነው።

ተረት፦ ሳተላይት ከላያችን ቆሟል

በምድር ዙሪያ ቆሞ የሚውል ሳተላይት የለም። ቴሌቪዥን የሚያሰራጩልን ሳተላይቶች በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይከንፋሉ። ቆመው የሚመስሉን ምድርን አንዴ ለመዞር የሚፈጅባቸው 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ፣ ምድር በራሷ ላይ አንዴ ለመዞር ከሚፈጅባት ጋር እኩል ስለሆነ ነው። እኛ ከምድር ጋር እንዞራለን፣ እነሱም እኩል አብረውን ይዞራሉ።

ይህ እኩልነት የሚገኘው በአንድ ከፍታ ብቻ ነው፤ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ዝቅ ያለ ሳተላይት ይፈጥናል፣ ከፍ ያለው ይዘገያል። በክብ ምህዋር ላይ ከፍታውን የመረጠ ፍጥነቱንም አብሮ መርጧል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን እንደ ፍላጎት መቀየር አይቻልም። ይህችን አንዲት ሕግ የያዘ አንባቢ ቀጥለው የሚመጡትን ተረቶች ግማሽ ያህሉን ራሱ ሊያፈርሳቸው ይችላል።

“እንግዲያው አንድ ሳተላይት ልክ ከቢስቲማ በላይ አብሮን እንዲዞር ማድረግ አይቻልም?” የሚል ይኖራል። አይቻልም። ማንኛውም ምህዋር የምድርን እምብርት መሐሉ ላይ አድርጎ የሚዞር ነው። ቢስቲማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሷ አናት ላይ ያለፈ ሳተላይት ግማሽ ዙር ሲጨርስ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 11 ዲግሪ ላይ መገኘቱ ግድ ነው። ባለበት የቆመ የሚመስል ሳተላይት ሁሉ ከምድር ወገብ በላይ ባለች አንዲት ቀለበት ላይ የተደረደረው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ናት። ስለዚህ ከሞያሌ እስከ ሁመራ የተተከለ ዲሽ ሁሉ፣ ምሥራቅም ይይ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነብላል።

ተረት፦ ከፍ ብለው ሲወጡ ስበት ያልቃል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ በተማሪም በአስተማሪም አፍ ይሰማል። ጠፈርተኞች በጣቢያቸው ውስጥ ሲንሳፈፉ በቴሌቪዥን ስለሚታዩ ሁሉም ስበት ከሌለበት ቦታ የደረሱ ይመስለዋል።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከምድር በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እስከዚያ የሚደርስ ግንብ ተሠርቶ፣ መሬት ላይ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጫፉ ላይ ሆኖ ሚዛን ላይ ቢቆም 89 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስበቱ አለ፣ ብዙም አልቀነሰም። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት እነሱም ጣቢያቸውም እኩል እየወደቁ ስለሆነ ነው። ወለሉ ከእግራቸው ሥር እኩል ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚደገፉበት ነገር የለም።

እየወደቁ ታዲያ መሬት የማይደርሱት ለምንድን ነው? አይዛክ ኒውተን ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳው ከረጅም ተራራ ጫፍ ወደ ጎን በሚተኮስ ጥይት ነበር። እኛ ተራራውን ጦሳ እናድርገው። ከጦሳ ጫፍ ድንጋይ ወደ ጎን ቢወረወር ደሴ ከተማ ውስጥ ያርፋል። አጥብቆ የወረወረው ኮምቦልቻ ያደርሰዋል። ከዚያም አልፎ አፋርን፣ ቀይ ባሕርን የሚያሻግር ክንድ ቢገኝ፣ ድንጋዩ እየወደቀ ሳለ ምድርም ክብ ናትና ከሥሩ እያጎነበሰች ትሸሸዋለች። አየር ባይኖርና ፍጥነቱ በሰከንድ 7.9 ኪሎ ሜትር ቢደርስ፣ ድንጋዩ የሚወድቅበትና ምድር የምታጎነብስበት መጠን እኩል ይሆናሉ። ድንጋዩ ሲወድቅ ውሎ ሲወድቅ ያድራል፤ ከመሬት ግን አይደርስም። ምህዋር ማለት ይኸው ነው።

ቁጥሩን ወደ ራሳችን ሳተላይት እንውሰደው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይናው የታይዩዋን ማዕከል የተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የተመደበላት ከፍታ 628 ኪሎ ሜትር ነው (ካልተገለጸ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ከፍታ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። በዚያችው ሰከንድ ሳተላይቷ ወደ ምድር 4 ሜትር ያህል ትወድቃለች፤ ምድርም ከሥሯ 4 ሜትር ያህል ታጎነብሳለች።

ወሎ ውስጥ የረመዳንን ጨረቃ አንጋጦ ያልፈለገ ወይም ሲፈለግ ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያቺም ጨረቃ እየወደቀች ነው፤ በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም እንጂ ትወድቃለች። 384,000 ኪሎ ሜትር ርቃም የምድር ስበት ይዟታል። “ስበት ያልቃል” የሚል ሰው ጨረቃን ማን እንደያዛት ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ እንጃ።

የዚህ ተረት ወንድም ደግሞ “ጠፈር መሄድ ማለት ከፍ ማለት ነው” የሚለው ነው። ሚያዝያ 1953 ይህን በደንብ ያፈርሰዋል። በሚያዝያ 4 የሶቭየቱ ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። በሚያዝያ 27፣ ኢትዮጵያ 20ኛውን የድል በዓሏን በምታከብርበት ዕለት፣ አሜሪካዊው አለን ሼፐርድ 187 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ባሕር ላይ ወደቀ። ጋጋሪን በምህዋሩ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ሲያልፍ ከሼፐርድ የበለጠ ከፍታ አልነበረውም። የለያቸው ወደ ጎን የነበራቸው ፍጥነት ነው፤ ጋጋሪን በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር፣ ሼፐርድ 2.3። አንድን ዕቃ ወደ ኢቲአርኤስኤስ-1 ምህዋር ለማድረስ ከሚያስፈልገው ጉልበት ከስድስት እጅ አምስቱ የሚወጣው ወደ ጎን ለማፍጠን ነው፤ ከፍ ማድረጉ አንዱን እጅ ብቻ ይወስዳል። ሮኬቶች ከተነሱ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ጎን ማዘንበል የሚጀምሩትም ለዚሁ ነው። አብራሪው ስቶ አይደለም።

ተረት፦ ነዳጁ ሲያልቅ ይወድቃል

ሳተላይት ለመዞር ነዳጅ አያቃጥልም። ትንንሽ ሞተሮቹ አልፎ አልፎ መስመሩን ለማቃናት ብቻ ይነሳሉ፤ ነዳጁ ሲያልቅ መቃናቱ ይቀራል እንጂ ዙሩ አይቋረጥም። ሳተላይትን የሚጥለው አየር ነው። በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ እንኳ እጅግ የሳሳ አየር ስላለ ይጎትተዋል።

መስከረም 24 ቀን 1950 የተወነጨፈው ስፑትኒክ ዝቅ ብሎ ይዞር ስለነበር በታኅሣሥ 26 ወርዶ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት መጋቢት 8 ቀን አሜሪካ የላከችው ቫንጋርድ-1 ግን ከአየሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ፣ ሬዲዮው ከሞተ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ቢሆነውም፣ ዛሬም እየዞረ ነው። ነዳጅ የሚባል ነገር አልያዘም።

ተረት፦ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቀን ከሌት ታየናለች፤ ግቢያችን ሳይቀር

ኢቲአርኤስኤስ-1 ምድርን አንዴ የምትዞረው በ97 ደቂቃ ሲሆን በቀን ወደ 15 ዙር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል ርቀት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ታልፈዋለች። አንድ ዙር ጨርሳ ስትመለስ ደግሞ ምድር ከሥሯ ስለዞረች፣ በወሎ ኬክሮስ ላይ ያለፈችበት መስመር 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይርቃል። በአንደኛው ዙር ወሎ ላይ ካለፈች በሚቀጥለው መካከለኛው አፍሪካ ላይ ናት። እንጦጦ ላይ ያለው የመቀበያ ጣቢያ በአንድ ማለፊያ ሊያያት የሚችለው ቢበዛ ለ13 ደቂቃ ነው፤ ያውም በአናቱ ላይ ካለፈች። በዚያች ጊዜ ውስጥ ትእዛዝ ይላክ፣ ፎቶ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ ከአድማስ በታች ትገባለች።

ግቢ ማየቱስ? ካሜራዋ ለይቶ የሚያወጣት ትንሿ ነጥብ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ናት። አንድ መኖሪያ ቤት ከነጓሮው እዚያች ነጥብ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ማን ከማን ቤት እንደገባ የሚፈራ ሰው ጎረቤቱን ይፍራ። ሳተላይቷ የታሰበችው ለእርሻ፣ ለደን፣ ለውኃና ለማዕድን ነው።

ለዚያ ሥራ የተመረጠላት ምህዋር ግን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ነገር ነው። ዘንድሮ የወረባቦን ማሽላ ፎቶ አንስቶ ከአምናው ጋር ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ሁለቱም ፎቶዎች በተመሳሳይ ሰዓት ቢነሱለት ይመርጣል፤ አለዚያ የጥላው ርዝመት ሲለያይ የተለወጠው ሰብሉ ይሁን ብርሃኑ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሳተላይቷ አንድን አካባቢ በምታልፍበት ቀን ሁሉ ሰዓቷ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ምድር ግን ፀሐይን ትዞራለች፤ የምህዋሩ አቅጣጫ ባለበት ቢጸና ከጥቂት ወራት በኋላ የጠዋቱ ማለፊያ የሌሊት ይሆን ነበር። መፍትሔው የተገኘው ምድር ፍጹም ድቡልቡል ካለመሆኗ ነው። በወገቧ በኩል ከእምብርቷ ያለው ርቀት፣ በዋልታዎቿ በኩል ካለው 21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህ ትርፍ የሳተላይቷን ምህዋር ቀስ እያለ ያዞረዋል። ከፍታውና ዝንባሌው ተሰልቶ ከተመረጠ መዞሩ በቀን አንድ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል፤ በዓመት ልክ አንድ ሙሉ ዙር። ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ምህዋሩ ከፀሐይ ጋር እኩል ይሄዳል። የምድርን ውፍረት ለሥራ ማዋል እንግዲህ ይህ ነው።

ተረት፦ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከዚሁ ብንወነጭፍ ይቀለን ነበር

ሳተላይቷ ከቻይና መወንጨፏ ብዙ ሰው አስቆጭቷል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ምድር ወደ ምሥራቅ ትዞራለች፤ ቢስቲማ ላይ የቆመ ሮኬት ሳይነሳ በፊት በሰከንድ 456 ሜትር የሚሆን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። በምድር ወገብ ላይ ቢሆን 465 ነበር። ወደ ምሥራቅ ለሚተኮስ፣ ለምሳሌ የቴሌቪዥን ሳተላይት ለሚያደርስ ሮኬት፣ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ኢቲአርኤስኤስ-1 የምትሄደው ግን ወደ ምሥራቅ አይደለም። ከላይ ያልነው የፀሐይን አቅጣጫ ተከታይ ምህዋር በዋልታዎቹ አቅራቢያ የሚያልፍና ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። ለሱ የምድር መሽከርከር ስጦታ መሆኑ ቀርቶ መክፈል የሚያስፈልግ ዕዳ ነው፤ ለወገብ በቀረቡ ቁጥርም ዕዳው ይጨምራል። 38 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለው ታይዩዋን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከቢስቲማ ይሻላል ማለት ነው፤ በጥቂቱም ቢሆን።

ከዚያ ደግሞ የመሬቱ ጉዳይ አለ። ከምሥራቃዊ ወሎ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሮኬት ባዶ ታንኮቹን የሚጥለው አርብቶ አደር በሚኖርበት የአፋር ሜዳ ላይ ነው። ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ ጣሊያኖች ሳን ማርኮ የተባለውን መድረክ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተከሉት ከፊታቸው ባዶ ባሕር ስላገኙ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ከዚያ የተነሳችው ኡሁሩ፣ የኤክስሬይ ጨረር የሚረጩ የሰማይ አካላትን ለመመዝገብ ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ነበረች። በእኔ ዕይታ ከየት ተወነጨፈ የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ ወስዶብናል፤ የሚያስጨንቀው ፎቶው እንጦጦ ከወረደ በኋላ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት መድረስ አለመድረሱ ነው።

ተረት፦ ከፊትህ ያለውን ለመድረስ ፍጥነት ጨምር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን የሚወጣ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና ለመድረስ ነዳጁን ይረግጣል። በምህዋር ላይ ይህን ያደረገ ወደ ኋላ ይቀራል።

በግንቦት 1957 የጀሚኒ-4 መንኮራኩር አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት፣ ይዞት የወጣውን የሮኬቱን ባዶ ታንክ ተጠግቶ ሊያየው ሞከረ። ወደሱ አነጣጥሮ ሞተሩን አስነሳ። ታንኩ ግን ይባስ ራቀ። ደግሞ አስነሳ፤ ደግሞ ራቀ። ብዙ ነዳጅ ከጨረሰ በኋላ ሙከራው ተተወ።

ምክንያቱ ያቺው የመጀመሪያዋ ሕግ ናት። ፍጥነት ሲጨመር መንኮራኩሩ ወደ ሰፊ፣ ሞላላ ምህዋር ይወጣል። ከፍ ያለ ምህዋር ዙሩ ረጅም ነው፤ በ400 ኪሎ ሜትር ላይ 92 ደቂቃ ተኩል የሚፈጀው ዙር በ628 ኪሎ ሜትር ላይ 97 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ከፊት ያለውን ለመድረስ የሚፈልግ መጀመሪያ ፍሬን መያዝ አለበት። ሲቀንስ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ዙሩ ያጥራል፤ ከሥር አልፎ ይደርስበትና ተመልሶ ከፍ ይላል። ይህን ሂሳብ የዶክትሬት ጥናቱ ያደረገው ባዝ ኦልድሪን ነው፤ ኋላ ጨረቃን በመርገጥ ሁለተኛው ሰው የሆነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 1958 ጀሚኒ-6 እና ጀሚኒ-7 በስሌቱ ሄደው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀራቸው ድረስ ተጠጋጉ።

ተረት፦ ማርስ ስትቀርብ ተነስተህ ቀጥ ብለህ መሄድ ነው

በመስከረም 2013 ማርስ ከምድር 62 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ነበር። በሐምሌ 2012 ከምድር የተነሳው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንኮራኩር ግን እዚያ ለመድረስ ወደ 500 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ቀጥ ብሎ መሄድ ያልቻለው ምድር ራሷ ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ስለምትዞር፣ ከሷ የተነሳም ያንን ፍጥነት ይዞ ስለሚወጣ ነው። እሱን አጥፍቶ በቀጥታ የሚተኮስ ሮኬት እስካሁን አልተሠራም። ርካሹን መንገድ ጀርመናዊው ዋልተር ሆማን እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል፤ ምድርን በአንድ ጎኑ፣ ማርስን በሌላው የሚነካ ግማሽ ሞላላ። ማርስ መድረሻው ላይ በሰዓቱ እንድትገኝ የሚነሳበት ቀን በ26 ወር አንዴ ይመጣል። የኤምሬቶቹ፣ የቻይናውና የአሜሪካው መንኮራኩሮች ሦስቱም በሐምሌ 2012 ተነስተው ሦስቱም በየካቲት 2013 የደረሱት ተማክረው አይደለም።

ተረት፦ ጅራታም ኮከብ ለምልክት ይመጣል

ደሴ ራሷ ከዚህ ታሪክ ጋር ዘመድ ናት። የከተማዋን አመሠራረት የሚተርኩ እንደሚሉት፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደንቀው ከተማ እንዲቆረቆር አደረጉ፤ ስሙንም ከደስታቸው የተነሳ ደሴ አሉት። ዘመኑ ከመስከረም 1875ቱ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ጋር ይገጥማል። ያ ኮከብ በጠራራ ፀሐይ ከፀሐይ አጠገብ የታየ፣ በታሪክ ከተመዘገቡት እጅግ ደማቆች አንዱ ነበር።

ንጉሡ በመደሰታቸው ማንም አይከራከርም። ኮከቡ ግን ለማንም ብሎ አልመጣም፤ እሱም እንደ ሳተላይቷ በስበት ተይዞ እየወደቀ ነበር፤ የሚወድቀው ወደ ፀሐይ መሆኑ ነው እንጂ። ከፀሐይ ገጽ በ460,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እዚያ ጥግ ላይ ሰዓታት ብቻ ቆየ፤ በሩቁ ጫፍ ግን በምህዋሩ ላይ እያዘገመ ዘመናት ያሳልፋል። በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ከአራት ያላነሰ ቦታ ተሰነጠቀ። ስንጥቆቹ አንድ ዙር ለመጨረስ የሚፈጅባቸው እንደየምህዋራቸው ከ600 እስከ 1,000 ዓመት ባለው ውስጥ ሲሆን፣ በስሌቱ መሠረት የመጀመሪያው የሚመለሰው በ26ኛው ክፍለ ዘመን ነው።